ጅግራዋን ያረደው ማን ነው?

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ሁለት ዓይነት አድርጌ ነው። መሥሪያ ቤት ሻይ ሰዓት ላይ የማወራው ያስቃል፤ ሰው እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ሁለተኛውን ነው፤ ራሴ ያፈርኩበትን ቦታ ሳልዘል።

ሐዋ እባላለሁ። ወልድያ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ጅዳ ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ በሳምንት ሁለቴ በስልክ እንተያያለን። ያኔ ሴቷ ልጄ ሰሚራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ወንዱ አንዋር ስድስት። አንዋር ከዐረፋ ወዲህ ሥጋ የሚባል አልቀምስም ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። በጉን ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድሜ ገዝቼ ግቢ አሰርኩት፤ እሱ ደግሞ ሣር እያበላ ጀማል የሚል ስም አወጣለት። ከዚያ በኋላ ሳህን ባቀረብኩ ቁጥር «ይሄስ ስሙ ማን ነበር?» ይለኛል። መኮሮኒና ብስኩት ብቻ እየበላ ከሳብኝ። ሰሚራ ሌላ ናት። በጉ ሲበለት አጠገቡ ቁጭ ብላ ጉበቱ የት እንዳለ፣ ሐሞቱ ለምን እንደሚጣል ስትጠይቅ አራጁን አሰልችታዋለች።

ኅዳር ላይ አባቴ ደወሉ። ሀብሩ ውስጥ ከግራና ወረድ ብሎ ማሽላ ያርሳሉ።

«ሐዋ፣ ጅግራው ማሽላዬን ፈጀው። ወንዱን ልጅ ይዘሽልኝ ነይ። ወጥመድ ሳላሳየው ብሞት ይቆጨኛል» አሉኝ።

«ሰሚራስ?»

«እሷም ትምጣ፤ ማን ከለከላት?»

አባቴ በወጣትነታቸው የታወቁ አዳኝ ነበሩ። አሁን ሚዳቋውም ድኩላውም የለም፤ ቢኖርም መንግሥት ይከለክላል። የቀረው ማሽላ ላይ የሚወርደው ጅግራ ነው። እኔም ነገሩ ልቤ ገባ። ሥጋ የሚበላ ሰው ሥጋ ከየት እንደሚመጣ ይወቅ፤ የማይበላም አይቶ ይተው። ልጄ በፍርሃት ሳይሆን በእውቀት ይምረጥ አልኩ። ባለቤቴ በስልክ «ልጁን ጭራሽ ታስደነብሪዋለሽ» ሲለኝ «ካንተ ይልቅ እኔ ነኝ አብሬው ያለሁት» ብዬ ዘጋሁበት። አንድ ነገር ከያዝኩ አለቅም፤ እናቴም በዚህ ነበር የምታማርረኝ፣ አላህ ይዘንላትና።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። መርሳ እስክንደርስ አንዋር ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቴ አስመለሰው። ከመርሳ ግራና ሌላ መኪና፣ ከግራና ባጃጁ እስከቻለበት በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር።

አባቴ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ዓይናቸውም ራቅ ያለውን ሰው በድምፁ ካልሆነ አይለይም። እጃቸው ግን ያው ነው። ከሰዓት በኋላ ማማው ሥር ተቀምጠው፣ የፈረስ ጭራ ገምደው ሸምቀቆ ሲሠሩ ጣታቸው አይሳሳትም። ማማ የምንለው ማሽላ ጠባቂ ወጥቶ ወፍ የሚያባርርበት የእንጨት ቆጥ ነው፤ እሳቸው መውጣት ስለማይችሉ ሥሩ ያለ ድንጋይ ላይ ነው የሚውሉት።

«ስማኝ አንዋር» አሉ። «ቆቅ ብቻዋን ስለሆነች ትጠነቀቃለች። ጅግራ በመንጋ ነው፤ የፊቷን አይታ ትከተላለች። ሸምቀቆው መሬት ለመሬት ይሁን፤ ለእግር ነው። አንገቷን ከያዛት ትታነቃለች። ታንቃ ከሞተች በክት ናት፤ የውሻ ናት። ነፍሷ ሳትወጣ ካራው መድረስ አለበት።»

«ከተያዘች በኋላ ክንፏን ብትመታስ?» አለች ሰሚራ።

«ሁለቱን ክንፍ አጣምረህ በእግርህ ትረግጣለህ፤ ሳትጨፈልቃት» አሉ አባቴ ወደ አንዋር ዞረው።

«ጫጩት ያላት ብትሆንስ?»

«ጫጩት ያላትን ትለቃለህ። ያንተ ድርሻ የምትበላው ብቻ ነው።»

ጠያቂዋ ሰሚራ፣ መልሱ የሚሰጠው ለአንዋር። ያኔ ልብ አላልኩትም፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግኩት። አባቴ አራት ሴት ነው የወለዱት። ወንድ ስለሌላቸው እኔን እያስከተሉ ወጥመድ አስተምረውኛል። ካራ ላይ ሲደርስ ግን ራሳቸው ያርዳሉ፤ ከሌሉ «ሂጂ ወንድ ጥሪ» ነው። በኛ አገር ሴት አታርድም። ወንድ ቤት ከሌለ ዶሮና ቢላ ይዘን በር ላይ ቆመን ወንድ አላፊ እንጠብቃለን። አላፊ ከጠፋ ገና መናገር ያልቻለ ወንድ ሕፃን እጅ ላይ ቢላውን አስይዘን፣ እጁን ይዘን እንገዘግዛለን። ኪታቡ ይከልክል አይከልክል ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አባቴ አሮጌ ካራቸውን ከነአፎቱ አውጥተው የአንዋር ወገብ ላይ አሰሩለት።

«ነገ አራጁ አንተ ነህ።»

አንዋር አፎቱን በሁለት ጣቱ ነካ። «ስሟ ማን ነው?» አለ።

«የማን?»

«የነገዋ ጅግራ።»

«ስሟ ምሳ ነው!» ብለው ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ አንዋር ብቻ አልሳቀም።

ሸምቀቆዎቹን ከማማው መቶ እርምጃ ያህል ርቀን፣ ጎርፍ ከቦረቦረው ቦይ ማዶ፣ የማሽላው ጥግ ላይ ተከልናቸው። ሦስቱን አባቴ ባሉን ልክ ሰሚራ ቸከለች፤ ሁለቱን እኔ። ስንመለስ አባቴ ክንዴን ይዘው ቀስ ብለው፦ «አራት ሴት ሰጠኝ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አላማርርም። ግን ይሄን ልጅ ካራ ይዞ ሳልሰማ አልሙት» አሉኝ።

«አብሽሩ አባዬ። ነገ በእጁ ያርዳል። ወላሂ» አልኳቸው። ያን ወላሂ ማን በዪ አለኝ?

በማግሥቱ ሱብሒ ሰግደን ማማው ሥር ተሰበሰብን። ብርሃን ገና እየፈነጠቀ ነው። አንዋር ካራውን ታጥቆ እኔ ላይ ተለጥፏል፤ ሰሚራ ተንበርክካ በማሽላው አገዳ መሃል ታያለች። ከዛፎቹ ላይ የጅግራዎቹ ጩኸት መጣ፤ ከዚያ መሬቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ እስኪመስል ግራጫው መንጋ ወረደ።  ብዙ ቆየን፤ እግሬ ደነዘዘ። ድንገት ከጥጉ ላይ ክንፍ ሲንፈራገጥ ተሰማ፤ መንጋው ሁሉ እየጮኸ ተነሣ።

«ተያዘች! ሩጡ!» አሉ አባቴ።

ቦዩን እንዴት እንደተሻገርነው አላውቅም። ደረስን። ሸምቀቆው አንገቷን ነው የያዛት። የማን ሸምቀቆ እንደሆነ ሳላጣራ አወቅኩ፤ ከፍ አድርጌ የቸከልኩት የኔው ነው። የፈረስ ጭራው ላባዋ ውስጥ ሰምጦ በጣት አልያዝ አለኝ። ምንቃሯ ተከፍቷል።

«ፍጠኑ! ነፍሷ ሳትወጣ!» ይጮኻሉ አባቴ ከማዶ።

ካራውን መዝዤ አንዋር እጅ ላይ አደረግኩ፤ እጁን ከላይ ያዝኩት። «ቢስሚላህ በል! በል የኔ ጌታ!»

«እያየችኝ እኮ ነው እማ።»

«በል ብዬሃለሁ!»

እጁ በእጄ ውስጥ ሙሽሽ አለ። ከዚያ መንጭቆኝ መሬት ላይ ተቀመጠና ሹራቡን ፊቱ ላይ ስቦ ያለቅስ ጀመር። ካራው እግሬ ሥር ወደቀ።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ። ወጥመድ አውቃለሁ፣ የፋቲሓን ትርጉም አውቃለሁ፣ ካራው የእግሬ ጣት ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። አላነሳሁትም። እየሮጥኩ የቦዩ አፋፍ ላይ ወጣሁና ሻሼን እያውለበለብኩ ወደ ጎረቤት ማሳ ጮኽኩ፦ «ኧረ የወንድ ያለህ! አያ ሰይድ! ድረሱልኝ!»

አያ ሰይድ የአባቴ የማሳ ጎረቤት ናቸው፤ ወንጭፋቸውን እንደያዙ ሲሮጡ አየኋቸው። ተመስገን ብዬ ዞር ስል ሰሚራ በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካለች። ክንፎቹን አጣምራ በእግሯ ረግጣለች፤ ሳትጨፈልቅ። አንገቷን ወደ ቂብላ አዙራለች። ቁርአን ቤት በምትቀራበት ድምፅ፣ ሳትቸኩል፣ «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» አለች። እና አረደች። ደሙ ነጭ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ።

አያ ሰይድ እያለከለኩ ደረሱ። «ምን ሆናችሁ? እባብ ነው?» ከዚያ የምትንፈራገጠውን ጅግራ አዩ። «አሃ! ማን ነው ያረዳት?»

በዚያው ቅጽበት ከማዶ አባቴ ተጣሩ። «ሐዋ! ካራው ደረሰ? አንዋር አረደ?»

ሰሚራ አፏን ከፈተች። እኔ ቀደምኳት።

«አዎ አባዬ! አንዋር ነው! አንዋር አረደ!»

አያ ሰይድ ሰሚራ እጅ ላይ ያለውን ካራ ተመለከቱ። «ተቀብላው ነው፤ ልጁ ደም ሲያይ ደነገጠ» አልኳቸው። ውሸት አንዴ በሩ ከተከፈተለት ወንድሙን ጠርቶ ነው የሚገባው። «ማሻአላህ! ቢደነግጥስ፣ ወንድ አይደል!» ብለው የአንዋርን ራስ ዳበሱት። ከማዶ ደግሞ ያ ጉልበቱ እምቢ ያለው ሽማግሌ በዱላው ተደግፎ ተነሥቶ «ዘራፍ!» ሲል ሰማሁ። አባቴ ሲፎክሩ ከእናቴ ሞት ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። አለቀስኩ፤ የደስታ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሰሚራ ካራውን ቅጠል ላይ ጠርጋ እጄ ላይ አስቀመጠችና ቀድማን ሄደች። 

ቤት ስንገባ አባቴ ቅቤ አስመጥተው የአንዋርን ራስ ቀቡት፤ የድሮ አዳኝ መጀመሪያ ሲጥል እንደዚያ ነበር። አያ ሰይድ ለምሳ እንዲቀሩ ተለመኑ። ቅቤው ግንባሩ ላይ ሲወርድ አንዋር ቀና ብሎ «እኔ አይደለሁም እኮ» አለ፤ ቀስ ብሎ። ከጀርባው ሆኜ ቆነጠጥኩት። የስድስት ዓመት ልጅ እውነት ስለተናገረ ቆነጠጥኩት።

የጅግራ ሥጋ ጠንካራ ነው፤ እንደ ዶሮ ቶሎ አይበስልም። ማድ ቤት ገብቼ ድስቱን ሳማስል እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ያስጨነቀችኝ ልጄ አይደለችም። አባቴ ናቸው። ሶላት ያላዛነፉ ሰው፣ ቢያውቁ ምናልባት የማይነኩትን ሥጋ በኔ እጅ ሊበሉ ነው። ደግሞ ብናገር «ዘራፍ» ያለውን አፍ አዋርዳለሁ። ውሃ እየጨመርኩ፣ እሳት እየቀነስኩ ምሳውን አዘገየሁት።

ሰሚራ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እማ፣ አባባ ካወቁ አይበሉም?»

«እንጃ። ዝም በዪ።»

«ካልበሉ ትጣላለች?»

«ትጣል ይሆናል።»

አሰበች። «እንደሱ ከሆነ በከንቱ ሞተች ማለት ነው። በቃ አልናገርም። እኔ ግን አልበላም» አለችና ወጣች።

ማማሰያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ይቺ ልጅ ለጅግራዋ ስትል ዝም ልትል ነው፤ እኔ ለማን ስል ነው ዝም የምለው?

ምሳው ቀረበ። አባቴ ቢስሚላህ ብለው ፈረሰኛውን አነሡ። ወልድያም ሆነ ግራና፣ የዶሮ ፈረሰኛ የአባወራ ነው፤ ሕፃን አይሰጠውም። «ለአራጁ!» ብለው ወደ አንዋር ዘረጉት። አንዋር አፉን ግጥም አደረገ። አያ ሰይድ አንድ ቁራጭ ጠቅልለው ሳያነሡት ይስቃሉ።

«ሰሚራ፣ አንቺስ? ነይ ቅረቢ» አሉ አባቴ።

«አልበላም አባባ።»

«ምነው? ወንድምሽ ያረደውን ትንቂያለሽ እንዴ?»

ሰሚራ ወደኔ አላየችም። መሬት መሬት አየች። ያ ነገር ከስድብ ሁሉ በለጠብኝ። ተነሥቼ የአባቴን እጅ አንጓ ያዝኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደፍሬያቸው አላውቅም።

«አባዬ፣ ይቆዩ፤ አይብሉ። ያረደችው ሰሚራ ናት። አንዋር ካራውን ጥሎ አለቀሰ። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

 አያ ሰይድ «አስተግፊሩላህ» ብለው የጠቀለሉትን መልሰው አስቀመጡት። አባቴ ፊታቸውን ወደ ልጅቷ ድምፅ አዞሩ።

«ሰሚራ፣ ስትደርሺ ነፍስ ነበራት?»

«ነበራት። ክንፏን ትመታ ነበር።»

«ቢስሚላህ ብለሻል?»

«ብያለሁ። ጮክ ብዬ።»

«ደሟ ፈሰሰ?»

ጫማዋን አውልቃ እጃቸው ላይ አደረገችላቸው። በአውራ ጣታቸው የደረቀውን ዳበሱት።

«ክንፏንስ?»

«አጣምሬ ረገጥኩት። ሳልጨፈልቃት።»

«ትናንት ለእሱ ሳወራ አንቺ ነበርሽ የምትሰሚው?»

«አዎ።»

«ጀርባዬን ሰጥቼሽ?»

«ድምፅዎ ይሰማል እኮ አባባ።»

አባቴ ጫማውን ቀስ ብለው መሬት አኖሩት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ሥጋው ሐላል ነው» አሉ። «ሴት አረደችው፣ ልጅ አረደችው፣ የአላህ ስም ከተጠራበት ሐላል ነው፤ ልጅ ሆኜ ቀርቼዋለሁ። ሐራሙ ካንቺ አፍ የወጣው ነው።»

አያ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔስ ጠግቤያለሁ፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ምንም ሳይቀምሱ።

«ጠግበህ ከሆነ እሰየው። ፈርተህ ከሆነ ግን ሰይድ፣ ኪታብ የሚያውቅ ሰው ይዘህ ና፤ እኔ እዚሁ ነኝ።»

አያ ሰይድ በትሕትና ተሰናብተው ወጡ፤ አባቴም አልያዟቸውም። ፈረሰኛውን እንደያዙ እጃቸውን ወደ ሰሚራ ዘረጉ። ልጄ በደም በቆሸሸ ካልሲዋ መጥታ ተንበረከከችና ከእጃቸው ጎረሰች። አኘከች፣ አኘከች፤ ጠንካራ ነበር። ስትውጥ ለአንዋር ቆርሳ አቀረበችለት። እያየኋቸው ነው። አንዋር ብዙ ካየው በኋላ ተቀብሎ በላ። እስከ ዛሬ ያልገባኝ ይሄ ነው፤ ስንት ወር የለመንኩት ልጅ፣ እህቱ ያረደችውን መሆኑ ሲነገር በላ።

ምሳው ካለቀ በኋላ አባቴ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ካራው እግርሽ ሥር ወድቆ ለምን አላነሳሽውም?»

«ሴት አታርድም ስለተባልኩ።»

«ማን አለሽ?»

አሰብኩ። ማንም አላለኝም። በአፉ ያለኝ ሰው የለም። «ወንድ ጥሪ እያሉ ይልኩኝ ነበር» አልኳቸው።

አባቴ ዱላቸውን መሬት ላይ ደጋግመው ተከሉት። «እውነትሽን ነው» አሉ። «እያወቅኩ ልማዱን ተከተልኩ። አፉ በይኝ ልጄ።» ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው አፉ በይኝ ብለው ይቅርታ ሲጠይቁ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበርና ጉልበታቸውን ሳምኩት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የማርደው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ ሁሉ አልወደዱትም፤ ከኔ ቤት ወጥ የማይቀምሱ ሁለት አሉ፤ ሰላም ግን እንባባላለን። አያ ሰይድም ኪታብ የሚያውቅ ሰው ይዘው አልመጡም፤ ስለዚያ ቀንም ትንፍሽ አላሉም። ባለቤቴ በስልክ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ «ሰፈሩ ምን ይላል?» አለኝ። «ሰፈሩ የፈለገውን ይበል፤ ልጆችህ በልተው አድረዋል» አልኩት። ይሄኛው ክፍል ቀላል ነው። ልማድን መጣስ አንዴ ካራውን እስክታነሱ ድረስ ነው የሚከብደው።

የሚከብደው ሌላው ነው። እናንተ የምታነቡኝ እናቶችና አባቶች፣ ያን ቀን ማንም አላስገደደኝም። አባቴ ቢያውቁ ፈርደው ሐላል ነው የሚሉ ሰው ነበሩ። ሳልጠይቃቸው ፈራኋቸው፤ ፈርቼም የልጄን ሥራ ከእጇ ነጥቄ ለወንድሟ ሰጠሁ። ለአንዋርም ቢሆን ስጦታ አልነበረም፤ ያልሠራውን ተሸክሞ ቅቤ ግንባሩ ላይ ሲወርድ የነበረውን ፊት አልረሳውም። ልጆቻችሁን አደን ውሰዱም አትውሰዱም፣ እሱ የናንተ ጉዳይ ነው። ግን ልጃችሁ በእጇ የሠራችውን ሰው ሲጠይቃችሁ፣ መልሱ ከአፋችሁ ከመውጣቱ በፊት አንዴ ዋጥ አድርጉ።

ወር ያህል ቆይቶ ሰሚራን ስጎነጉናት ጠየቅኳት። ፊቷ ስላልታየኝ ይሆናል የደፈርኩት።

«ያን ቀን አያ ሰይድ ማን አረደ ሲሉ፣ እኔ አንዋር ነው ስል፣ ለምን እኔ ነኝ አላልሽም? አፍሽን ከፍተሽ ነበር እኮ። ፈርተሽኝ ነው?»

«አልፈራሁሽም» አለች።

«ታዲያ?»

«አንቺ እስክትናገሪ እየጠበቅኩሽ ነበር።»